«ሎግኢን» በተርሚናል መስኮት ውስጥ አልሠራ ሲል ከየት እንጀምር?

ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ የተርሚናል መስኮት፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት፣ ከፍታችሁ «ሎግኢን» ብላችሁ ጻፋችሁ። ኮምፒውተሩ ወይ በአንድ መስመር ቁጣ መለሰላችሁ፣ ወይ ትክክለኛውን የይለፍ ቃል አስገብታችሁም ስህተት ነው አለ፣ ወይ ደግሞ መስኮቱ ራሱ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ሦስቱም የተለያየ ምክንያት አላቸው። ባሕር ዳር ከፖሊ ግቢ ብዙም በማይርቅ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ስለምሠራ ሁሉንም በየጊዜው አያቸዋለሁ። ተማሪዎች ላፕቶፓቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ከሐይቁ ዳር ካሉ ሆቴሎች ደግሞ አንድ ኮምፒውተር በቀንና በማታ ፈረቃ የሚጋሩ እንግዳ ተቀባዮች ይደውላሉ። አብዛኛው ሰው ገና ከመግባቱ «እንደ አዲስ ጫንልኝ» ይላል። ሥራውን እምቢ ማለት ከገቢ አንጻር ሞኝነት ቢመስልም፣ ለዚህ ችግር ሲስተም መጫን አያስፈልግም ማለት ይቻላል።

ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ። እናንተ ስትተይቡ ግን በላቲን ትንንሽ ፊደላት፣ በቃላቱ መካከል ባዶ ቦታ እየተዋችሁ ነው። «ሰረዝ» ስል አጭሯን አግድም መስመር፣ «ስላሽ» ስል ወደ ቀኝ ያዘነበለችውን መስመር ማለቴ ነው።

ደረጃ 1፦ የቆማችሁበትን ቦታ እወቁ

ሊኑክስ ላይ «ሎግኢን» የሚባለው ፕሮግራም ሥራው አንድ ነው፦ ማንም ያልገባበት ባዶ ኮንሶል፣ ማለትም ያለ ግራፊክ በጽሑፍ ብቻ የሚሠራ ስክሪን፣ ላይ የሚመጣውን ሰው ማንነት መጠየቅ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ «ጌቲ» የሚባል ሌላ ፕሮግራም ኮንሶሉን ይከፍታል፣ የተጠቃሚ ስም ይጠይቃል፣ ከዚያ በሩት፣ ማለትም ሁሉን ማድረግ በሚችለው የአስተዳዳሪ አካውንት፣ ሥልጣን «ሎግኢን»ን ይጠራል። የተርሚናል መስኮት ግን በዚህ መንገድ አይመጣም። እናንተ በግራፊክ መግቢያው ስማችሁንና ቃላችሁን ሰጥታችሁ ገብታችኋል፤ መስኮቱ የሚከፍተው በእናንተው ስም የሚሠራ ሼል፣ ማለትም ትእዛዛችሁን ተቀብሎ የሚያስፈጽም ፕሮግራም፣ ነው። እዚያ ውስጥ ሆኖ «ሎግኢን» ማለት ግቢ ውስጥ ከገቡ በኋላ ዘበኛውን ከውስጥ «አስገባኝ» እንደማለት ነው።

ለማረጋገጥ «ቲቲዋይ» ብላችሁ ጻፉ፤ ሁለት ቲ እና ዋይ ነው። መልሱ ውስጥ «ፒቲኤስ» የሚል ካለና ቁጥር ከተከተለው፣ ያላችሁት በአስመሳይ ተርሚናል ውስጥ ነው። መስኮት፣ ትር ወይም የርቀት ግንኙነት ሊሆን ይችላል። መልሱ «ቲቲዋይ 3» የመሰለ ከሆነ ግን እውነተኛው ኮንሶል ላይ ናችሁ። ቀጥሎ «ሁአምአይ» ስትሉ አሁን በማን ስም እንደምትሠሩ ይነግራችኋል። እነዚህን ሁለቱን ሳያዩ የይለፍ ቃል መቀየር የሚጀምር ሰው ችግሩን ሁለት ያደርገዋል።

ደረጃ 2፦ መልእክቱን አንብቡት

በመስኮት ውስጥ በተራ ተጠቃሚነት «ሎግኢን» ስትሉ የሚመጣው የታወቀ መልስ፣ ያለ ሩት ሥልጣን ፈጽሞ ሊሠራ እንደማይችል የሚናገር ነው። አነጋገሩ እንደ ሊኑክሱ ዓይነትና እትም ይለያያል፤ ፍሬ ነገሩ አንድ ነው። ይህ ብልሽት አይደለም። ፕሮግራሙ ከጌቲ እጅ ሥልጣን ተቀብሎ እንዲሠራ ታስቦ ስለተሠራ በእናንተ ስም ሲነሣ ይቆማል።

ከዚያ ብዙ ሰው ከፊቱ ትእዛዝን በሩት ሥልጣን የሚያሠራውን «ሱዱ» ይጨምርና ሌላ መልእክት ይመጣበታል፦ የዩቲምፕ መዝገብ የለም፣ «ሎግኢን»ን ከታችኛው ሼል በ«ኤግዜክ» ጥሩት የሚል። በተለይ ዴብያንና ኡቡንቱ በሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች የቆዩ እትሞች ላይ ያጋጥማል። ዩቲምፕ አሁን በየትኛው ተርሚናል ላይ ማን እንዳለ የሚያዝበት ትንሽ ፋይል ነው። ኮንሶሉ እዚያ ይመዘገባል፤ ብዙዎቹ የተርሚናል መስኮቶች ግን አይመዘገቡም። «ሎግኢን» ተርሚናላችሁን በመዝገቡ ሲያጣው አላውቃችሁም ይላል። ምክሩን ሰምታችሁ «ኤግዜክ» ብትጨምሩ ደግሞ ሼሉ በ«ሎግኢን» ይተካል፤ «ሎግኢን» ሲወድቅ ወደኋላ የሚመለስበት ሼል ስለሌለ መስኮቱ ይዘጋል። ብልጭ ብሎ የመጥፋቱ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ኢንተርኔት ላይ የ«ሎግኢን»ን ፋይል ማንም ሲያስነሣው በሩት ሥልጣን እንዲሠራ ፈቃዱን ቀይሩ የሚል ምክር ይገኛል። አታድርጉት። የደኅንነት ቀዳዳ ከፍታችሁም ቢሆን የዩቲምፑ እንቅፋት እንዳለ ሊቆይ ይችላል።

ደረጃ 3፦ የምትፈልጉትን በትክክለኛው ትእዛዝ ጠይቁ

«ሎግኢን» የሚጽፍ ሰው በእርግጥ የሚፈልገው ወደ ሌላ ሰው አካውንት መሻገር ነው። የማታዋ እንግዳ ተቀባይ የቀኑ ባልደረባዋ ገብቶ በተወው ኮምፒውተር ላይ በራሷ ስም መሥራት ትፈልጋለች እንበል። መስኮት ውስጥ ሆና «ኤስዩ ሰረዝ» ብላ የራሷን የተጠቃሚ ስም ታስከትላለች። ኮምፒውተሩ የእርሷን የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ስትሰጠው በስሟ አዲስ ሼል ይከፍታል። «ኤግዚት» ስትል ወደ ባልደረባዋ ሼል ትመለሳለች።

ያቺ ሰረዝ ትንሽ ብትመስልም ዋናዋ እርሷ ናት። ከሌለች ሰውየው ይቀየራል እንጂ አካባቢው አይቀየርም፦ ያላችሁበት ፎልደር የባልደረባችሁ ነው፣ የትእዛዝ መፈለጊያ መንገዱም የእርሱ ነው። ከዚያ «ፈቃድ የለም» የሚል መልስ ሲመጣ መግባቱ የከሸፈ ይመስላል። ሰረዟ ካለች ግን የመግቢያ ሼል ይነሣል፤ የራሳችሁ ፎልደርና የራሳችሁ ቅንብር ይጫናል። በዚህ መንገድ ከገባችሁ በኋላ የግራፊክ ፕሮግራም ለመክፈት ብትሞክሩ ማሳያውን መክፈት አልቻልኩም ሊል ይችላል። ስክሪኑ የተሰጠው መጀመሪያ ለገባው ሰው ነውና፤ የግራፊክ ሥራ ካላችሁ ከላይኛው ምናሌ ተጠቃሚ ቀይሩ።

ወደ ሩት ለመሻገርስ? ኡቡንቱ ላይ «ኤስዩ ሰረዝ» ብቻውን የማይሠራበት ምክንያት የሩት አካውንት ሲጫን የይለፍ ቃል ስለማይሰጠው ነው። ምንም ቃል ብትሞክሩ ማረጋገጥ አልተሳካም ነው መልሱ። እዚያ «ሱዱ ሰረዝ አይ» በሉና የራሳችሁን ቃል ስጡ። በሱዱ ዝርዝር ውስጥ ስማችሁ የለም ካለ፣ ኮምፒውተሩን ለጫነው ሰው መንገር እንጂ ሌላ መላ የለም።

እውነተኛውን «ሎግኢን» መሞከር ከፈለጋችሁ ኮንትሮልና ኦልትን ይዛችሁ ኤፍ 3ን ተጫኑ፤ አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ኤፍኤን የምትባለውንም መጨመር ያስፈልጋል። ጥቁሩ ኮንሶል ስም ይጠይቃችኋል። ለመመለስ ኡቡንቱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ 2 ነው፤ ካልሆነ ኤፍ 1ን ሞክሩ። ስም ከጻፋችሁ በኋላ ቃሉን ስታስታውሱ ብትቆዩ በመደበኛው ቅንብር ከ60 ሰከንድ በኋላ ይዘጋባችኋል፤ እርሱም ብልሽት አይደለም።

ደረጃ 4፦ ቃሉ ትክክል ሆኖ «ስህተት» ሲል

ከባዱን ምክንያት ከመፈለጋችሁ በፊት ኪቦርዱን እዩ። በእኛ አገር ኮምፒውተሮች ላይ ይህን ያህል የተለመደ ምክንያት አላየሁም።

ተጠቃሚው ለአስተማሪው በአማርኛ መልእክት ሲጽፍ ቆይቶ ወደ ተርሚናሉ ይመጣል። የአማርኛው አጻጻፍ እንደበራ ነው። የይለፍ ቃሉ በጣና ስም ይጀምራል እንበል፤ ትልቁን ቲ፣ ከዚያ ኤ፣ ኤን፣ ኤ ይጫናል። ጣቱ አራት ቁልፍ ነክቷል፤ «ሴራ» በሚባለው የአጻጻፍ ዘዴ ግን ኮምፒውተሩ የተቀበለው «ጣና» የሚሉ ሁለት ፊደላት ነው። ፊደላት ወደ ባይት በሚለወጡበት በዩቲኤፍ 8 አሠራር አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ አራት ባይት መሆን የነበረበት ስድስት ሆኖ ገብቷል። ተርሚናል የይለፍ ቃል ሲጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ ኮከብ ምልክት እንኳ ስለማያሳይ ሰውየው የሚያየው ነገር የለም። ግኖም በሚባለው የሊኑክስ ገጽታ የግራፊክ መግቢያ ላይ የይለፍ ቃል ሳጥኑ እንዲህ ያለውን የአጻጻፍ ዘዴ ራሱ ያስቀረዋል፤ ስለዚህ «ጠዋት ገብቶልኝ ነበር» የሚለው ሰው እየዋሸ አይደለም።

መፍትሔው የዊንዶውስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ይዞ ስፔስን መጫንና ከላይ በስክሪኑ ጥግ ያለው ምልክት ወደ እንግሊዝኛ መመለሱን ማየት ነው። ኮንሶሉ ላይ ደግሞ ይህ የአጻጻፍ ዘዴ ጨርሶ አይሠራም፤ በኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ 3 ገብታችሁ ያው ቃል ከሠራ ጥፋቱ የኪቦርዱ ነው፣ ምርመራው አበቃ። ተቃራኒው ከሆነ፣ ማለትም በመስኮቱ እየሠራ ኮንሶሉ እምቢ ካለ፣ የይለፍ ቃሉን መጀመሪያ ያወጣችሁት አማርኛው በርቶ ሳለ ሊሆን ይችላል። አማርኛውን አብርታችሁ በመስኮቱ ግቡ፣ ከዚያ አጥፍታችሁ አዲስ ቃል አውጡ። ይህን ስታደርጉ የድሮውን ቃል ሲጠይቅ አማርኛው መብራት፣ አዲሱን ሲጠይቅ መጥፋት እንዳለበት አትርሱ። የትልልቅ ፊደላት መቆለፊያና የቁጥሮች መቆለፊያ ግን ሁሉም የሚያውቃቸው ስለሆኑ አልፌአቸዋለሁ።

ደረጃ 5፦ አካውንቱ ራሱ

ኪቦርዱ ደኅና ከሆነ የሱዱ ሥልጣን ባለው አካውንት ግቡና የታመመውን አካውንት ሁኔታ ጠይቁ። ትእዛዙ «ፓስወርድ» ከሚለው ቃል ውስጥ ኦ እና አር የወጡበት ነው፤ ከፊቱ «ሱዱ»፣ ከኋላው ሰረዝና ትልቁን ኤስ፣ ከዚያ የተጠቃሚውን ስም ጨምሩ። ከስሙ ቀጥሎ የምትመጣው ምልክት ፒ ከሆነች ቃሉ አለ፣ ኤል ከሆነች ተቆልፏል፣ ኤንፒ ከሆነ ቃል የለውም። የተቆለፈውን በዚያው ትእዛዝ በሰረዝ ዩ ትከፍታላችሁ።

ቀጥሎ «ቼጅ» ነው፤ «ቼንጅ» ከሚለው ኤን ሲጎድል። በሰረዝ ኤል ስትጠሩት የአካውንቱን የጊዜ ገደብ ይዘረዝራል። የሆቴል ተለማማጅ እስከ ሰኔ 30 ቀን 2018 ድረስ ብቻ እንዲገባ ተብሎ አካውንት ይከፈትለታል እንበል። ከፋቹ ቀኑን በእኛው አቆጣጠር 2018፣ 10፣ 30 ብሎ ካስገባው ሊኑክስ የሚያነበው እንደ ፈረንጆቹ ኦክቶበር 30 ቀን 2018 ነው። አካውንቱ ገና ሳይከፈት ጊዜው ካለፈ ዓመታት ሆነው ማለት ነው፤ ልጁም በመጀመሪያው ቀን አካውንትህ ጊዜው አልፎበታል፣ አስተዳዳሪህን አነጋግር ይባላል። የታሰበው ቀን በፈረንጆቹ ጁላይ 7 ቀን 2026 ነውና በሰረዝና በትልቁ ኢ ትክክለኛውን ቀን መስጠት ይበቃል። ገደብ ጨርሶ እንዳይኖር ከተፈለገ በቀኑ ቦታ አንድን ከነሰረዟ፣ ማለትም ነጌቲቭ አንድን፣ ማስገባት ነው።

አንዳንድ ሊኑክስ ላይ ደግሞ ቃል ደጋግማችሁ ስትስቱ «ፌይልሎክ» የሚባለው ይቆልፋችኋል። መደበኛ ቅንብሩ በ15 ደቂቃ ውስጥ ሦስት ስህተት፣ ቅጣቱም 10 ደቂቃ ነው። አርች በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ሲጫን ጀምሮ የበራ ነው፤ ኡቡንቱ ላይ ግን ካላበራችሁት የለም። በተቆለፋችሁበት ጊዜ ትክክለኛው ቃል ራሱ ስህተት ስለሚባል ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው። ሻይ ጠጥቶ መመለስ ይበቃል። የቸኮለ «ሱዱ ፌይልሎክ»፣ ሁለት ሰረዝ «ዩዘር»፣ ስሙን፣ ሁለት ሰረዝ «ሪሴት» ይበል።

ቃሉ ተቀባይነት አግኝቶ ወዲያው ከተባረራችሁ ጥርጣሬው ወደ ሼሉ ይዞራል። «ጌትኤንት» ብላችሁ ያንኑ ኦ እና አር የጎደለውን ቃልና የተጠቃሚውን ስም አስከትሉ፤ የመስመሩ መጨረሻ የሼሉ አድራሻ ነው። «ኖሎግኢን» የሚል ካለ አካውንቱ ሆን ተብሎ ለመግባት የተከለከለ ነው። ባሽን ትቶ ሌላ ሼል ሞክሮ በኋላ ያጠፋው ተማሪ ደግሞ አካውንቱ የሌለ ፕሮግራም እየጠራ ይቀራል። «ሱዱ ዩዘርሞድ ሰረዝ ኤስ»፣ ከዚያ ስላሽ «ቢን» ስላሽ «ባሽ»፣ ከዚያ ስሙ፤ አለቀ።

ደረጃ 6፦ መስኮቱ ብልጭ ብሎ ሲጠፋ

በተርሚናሉ ምርጫዎች ውስጥ ትእዛዙን እንደ መግቢያ ሼል አስነሣ የሚል ሳጥን አለ። ምልክት ሲደረግበት ባሽ በመጀመሪያ የጋራውን «ፕሮፋይል» ከ«ኢቲሲ» ፎልደር ያነባል፤ ከዚያ በቤታችሁ ፎልደር ውስጥ በነጥብ የሚጀምሩ ሦስት ፋይሎችን በተራ ይፈልጋል፦ «ባሽ ፕሮፋይል»፣ «ባሽ ሎግኢን» እና «ፕሮፋይል»፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቃላቸው በታች ሰረዝ የተያያዘ ነው። መጀመሪያ ያገኘውን አንዱን ብቻ ነው የሚያነበው። አንድ ፕሮግራም ስትጭኑ «ባሽ ፕሮፋይል»ን ከፈጠረባችሁ የድሮው «ፕሮፋይል» ከዚያ ወዲያ አይነበብም፤ ትናንት የነበሩት ትእዛዞች ዛሬ የሉም የሚባለው ከዚህ ይመጣል። ከሦስቱ በሚነበበው ውስጥ ያለ ቦታው የገባ «ኤግዚት» ካለ ደግሞ ሼሉ እንደተነሣ ይሞታል፣ መስኮቱም አብሮት ይዘጋል።

ኮንሶሉም የመግቢያ ሼል ስለሚያስነሣ እዚያ መሄድ ለዚህ አይረዳም፤ ያው ፋይል እዚያም ይጥላችኋል። የግራፊክ ፋይል ማሳያውን ክፈቱ፣ ኮንትሮልና ኤች ተጭናችሁ የተደበቁትን አሳዩ፣ የተጠረጠረውን ፋይል ስሙን ቀይሩት። ተርሚናሉ ከተከፈተ ፋይሉን በእርጋታ መርምሩት።

ደረጃ 7፦ መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ

በክረምት ከሐይቁ በኩል ነጎድጓድ ሲነሣና መብራት ድንገት ሲቋረጥ፣ ባትሪው የደከመ ላፕቶፕና መጠባበቂያ የሌለው ዴስክቶፕ ጽሑፍ እያስገቡ ሳለ ይጠፋሉ። ኮምፒውተሩ ተመልሶ ሲነሣ የዲስኩ ፋይል ሲስተም ጉዳት ካገኘ፣ ባሰ እንዳይበላሽ ራሱን ለንባብ ብቻ ሊያደርግ ይችላል። ምልክቱ ይህ ነው፦ የይለፍ ቃል ለመቀየር ስትሞክሩ የማረጋገጫ ምልክቱን ማስተካከል አልተቻለም የሚል ግራ የሚያጋባ መልስ ይሰጣል። ስለ ቃሉ የሚናገር ይመስላል፤ ችግሩ ግን ዲስኩ አለመጻፉ ነው። በቤታችሁ ፎልደር «ተች» ብላችሁ አንድ ባዶ ፋይል ለመፍጠር ሞክሩ፤ ለንባብ ብቻ ነው ካለ ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሡና የዲስክ ፍተሻው ሳይቋረጥ እስኪጨርስ ጠብቁ። ከፍተሻው በፊት የሚቻለውን ሁሉ ወደ ፍላሽ መገልበጥ አይከፋም።

ዲስኩ ሞልቶም መግባት ይከለከላል። ኮንሶሉ አስገብቶ ግራፊኩ ወደ መግቢያው እየመለሰ ካስቸገረ «ዲኤፍ ሰረዝ ኤች» ብላችሁ መቶ በመቶ የሞላ ካለ እዩ።

ደረጃ 8፦ መዝገቡን ጠይቁ

ይህ ሁሉ ካልረዳ መልሱ በመዝገቡ ውስጥ ነው። «ሱዱ ጆርናልሲቲኤል ሰረዝ ቢ» ከተነሣ ወዲህ የተጻፈውን ያሳያል፤ ትልቁን ጂ ስትጫኑ ወደ መጨረሻው ይወስዳችኋል። ከመግቢያ ጋር የተያያዘው መስመር ውስጥ «ፓም» የሚሉ ፊደላት አሉ፤ ፓም የሚገባውን ሰው ማንነት የሚያረጋግጠው የሲስተሙ ክፍል ነው፤ ቃል ተሳሳተ፣ ተጠቃሚው አይታወቅም፣ አካውንቱ ጊዜው አልፏል እያለ ለተጠቃሚው ያልተናገረውን እዚያ ይጽፈዋል።

ሰዓቱን ስታነቡ ተጠንቀቁ። መዝገቡ ላይ 14:20 ካለ በእኛ ከቀኑ 8:20 ነው፤ ስድስት መቀነስ ነው። ኮምፒውተሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት ከተተወ ግን ያው ቅጽበት 11:20 ተብሎ ይመዘገባል፣ የምትቀንሱትም ሦስት ነው። የማታውን ስህተት በቀኑ መስመር ስትፈልጉ እንዳትውሉ የጊዜ ክልሉን አዲስ አበባ አድርጉት።

የፓምን ቅንብር ፋይሎች ለማስተካከል ከተገደዳችሁ፣ ሥራውን ሳትጀምሩ በሌላ መስኮት በሩት የገባችሁበትን ሼል ክፍት ተዉት። አዲሱን ቅንብር በሌላ መስኮት በ«ኤስዩ ሰረዝ» እስክትሞክሩት አትዝጉት። እዚያ ፋይል ላይ አንዲት የተሳሳተች መስመር ሩትን ጨምሮ ሁሉንም ሰው ውጭ ታስቀራለች።

ደረጃ 9፦ ማንም መግባት ካልቻለ

ኮምፒውተሩ የራሳችሁ ከሆነ ሲነሣ ኢስኬፕን ወይም ሺፍትን ተጭናችሁ ሊኑክስን የሚያስነሣውን የግሩብን ምናሌ አውጡ፤ ከተጨማሪ ምርጫዎች የማገገሚያውን መስመር፣ ከዚያ የሩት ሼልን ምረጡ። ዲስኩ በዚህ ሰዓት ለንባብ ብቻ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ «ማውንት ሰረዝ ኦ»፣ ቀጥሎ «ሪማውንት» ኮማ «አርደብልዩ»፣ በመጨረሻም ብቻዋን የቆመች ስላሽ ጻፉ። ከዚያ ኦ እና አር የጎደለውን ትእዛዝ ከተጠቃሚው ስም ጋር ጽፋችሁ አዲስ ቃል አውጡና እንደገና አስነሡ። ሲስተሙ የሩትን ቃል ከጠየቀና ከሌላችሁ ከሌላ የሊኑክስ ፍላሽ አስነሥቶ ዲስኩን ከውጭ መክፈት ይቻላል። ዲስኩ ሙሉ በሙሉ የተመሰጠረ ሆኖ የመክፈቻው ቃል ከጠፋ ግን ይህም መንገድ ዝግ ነው፤ ያላችሁን መጠባበቂያ ቅጂ ፈልጉ።